ፈረሰኛዋ ላይ ድምፅ ሲሰጥ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎሮ ገና እርሻ ነበር። ከከተማ ተልኬ ሄድኩና የገበሬ ሴቶች ማኅበሩን ሰብስቤ፣ "ደህና ደህናው ለወንድ፣ ትርፍራፊው ለሴት የሚባል ነገር ይብቃ፤ እኩልነት ከገበታ ይጀምራል" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ። አጨበጨቡልኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ ጫልቱ ደስ ብሏቸው "ቤቴ ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም፤ ዶሮ ተሠርቷል" አሉኝ።

ቤታቸው ስንገባ ባለቤታቸው ጋሽ በዳዳ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ። ወጡ ሲቀርብ የእኔም የእሳቸውም ዓይን ፈረሰኛዋ ላይ ተተከለ። እሳቸው አባወራ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የክብር እንግዳ ነኝ። ለማን ትደርስ ይሆን ብዬ ሳስብ እትዬ ጫልቱ ጭልፋውን ከፍ አድርገው ልጆቻቸውን፣ "ፈረሰኛ ዛሬ ለእናታችን ትሁን የምትሉ እጅ አውጡ" አሏቸው። ልጆቹ በሙሉ አወጡ።

"የምትቃወሙ?"

ጋሽ በዳዳ እጃቸውን አወጡ። የእኔም እጅ ሳላዘው ወደ ላይ ሲሄድ እትዬ ጫልቱ አዩኝ።

"ጓድ፣ እርስዎ ታዛቢ ነዎት፤ ድምፅ የለዎትም" አሉኝና ፈረሰኛዋን እዚያው ፊታችን ቁጭ ብለው ጋጧት። ለእኔ ክንፍ ደረሰኝ፤ ለጋሽ በዳዳ አንገት። ጋሽ በዳዳ አንገቱን ሲያገላብጡት ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ጓድ፣ ለመሆኑ የሴቶች ማኅበር ወንድ ይመዘግባል?" አሉኝ።