የዝክሩ ጠረጴዛና የቩካን አንገት

በሰርቢያ፣ በኒሽ ከተማ የሚኖሩት እትዬ ዴሳንካ አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ ላይኛውን ፎቅ ያከራዩትን ቩካንን ደረጃው ላይ አገኙት። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ቆሟል፤ አንገቱ አልዞር ብሎታል። እትዬ ደነገጡ። ይህ ወጣት የልጃቸው ወዳጅ፣ ለትንሹ የልጅ ልጃቸው ለሚሎራድም የክርስትና አባት ሊሆን የታጨ ነውና።

«ምን ሆንህ ልጄ?»

«እጄ ይደነዝዘኛል፣ እትዬ። ትናንት ብርጭቆ አመለጠኝ። ለክርስትናው ሌላ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል። ሕፃኑን ብጥለውስ?»

«ሟርትህን ተውልኝ! የክርስትና አባት እንደ ካልሲ ይቀየራል እንዴ? ይሄ ንፋስ ነው! መስኮቱን ወዲህም ወዲያም ከፍተህ አትቀመጥ ስንቴ አልሁህ?»

«ሐኪሙ ንፋስ አይደለም አለኝ። ሥራዬን ቤት ካመጣሁ ወዲህ ሶፋው ፊት ባለችው አጭር ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን አድርጌ አጎንብሼ ነው የምውለው።»

«ሂድ ወዲያ! ተቀምጦ መዋል ያሳምማል? ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ አንገቴን ብሎ አያውቅም።»

«እሳቸው ጎንበስ ቀና፣ ወዲህ ወዲያ ይሉ ነበር። እኔ ከተቀመጥሁ ችካል ነኝ።»

«ታዲያ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አትሠራም?»

«ያለው አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳልነካ አስምለውኛል።»

እትዬ ፊታቸው ተለወጠ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው፣ የአማታቸው ዳንቴል የለበሰው ያ ጠረጴዛ በዓመት አንዴ፣ የቤቱ ጠባቂ በሆነው በቅዱስ ኒኮላስ ዝክር ቀን ብቻ ነው ሰው የሚቀመጥበት።

«ሻማና ኅብስት በሚያርፍበት ላይ ኮምፒውተር? በሕይወት እያለሁ አይሆንም! ይልቅ ና፣ ንፋሱን ራሴ እይዘዋለሁ።»

ወደ ላይ ወጡና መስኮቱን ሁሉ ዘጉ፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈኑ፤ አንገቱን በሱፍ ሻርፕ ጠቀለሉ። ከዚያ ሲጋራ ለኩሰው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ንፋስ ካለ ጢሱ ይናገራል።

ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቩካን ሥራውን ያዘ። እትዬም ተከራያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብለው አዩት። ራሱ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ጀርባው ጎበጠ፤ ትከሻው ጆሮው ሥር ገባ። ቀትር ላይ ብዕር ላንሳ ቢል ከጣቱ ወደቀ። ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ጢሱ አሁንም ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ድንጋይ የሚፈልጥን ሰው ላቡን ዓይተን አይዞህ እንለዋለን፤ ተቀምጦ የሚውለው ግን ሲሰበር እንኳ ያረፈ ይመስለናል። እትዬ ዴሳንካ ብድግ ብለው ዳንቴሉን ከዝክሩ ጠረጴዛ ላይ ገፈፉና አጥፈው አስቀመጡት።

«እትዬ! ቅዱስ ኒኮላስስ?»

«እሱ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ይቅር ይለኛል።»

«አማትዎስ?»

«እሷ እንኳ ይቅር አትለኝም። ደግነቱ ሞታለች።»

ኮምፒውተሩን በወፋፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርገው ከዓይኑ ትክክል አቆሙት፤ ቩካንም ክንዱ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍበት መተየቢያ ኪቦርድ ለብቻው ገዛ። እግሩ መሬት ረገጠ፤ ወገቡ መደገፊያ አገኘ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በጥሩ ወንበርም ቢሆን ደርቆ መዋል ያው ደርቆ መዋል ነው። ስለዚህ እትዬ ከታች ሆነው በየሰዓቱ ጣራውን በመጥረጊያ እጀታ ይደበድቡ ጀመር። «ተነሥ!» ይላሉ። ቩካንም ተነሥቶ ይንጎራደዳል፤ ትከሻውን ያፍታታል፤ አንዳንዴም ወርዶ ከሾርባቸው ይቀምሳል። በጋው ሲጋመስ መደንዘዙ ለቀቀው፤ እንቅልፉ ተመለሰ፤ ሥራውንም በጊዜ ይጨርስ ጀመር።

በክርስትናው ዕለት ሰው ሁሉ ቄሱን ሲያይ እትዬ የሚያዩት የቩካንን ቀኝ ክንድ ብቻ ነበር። ሚሎራድ ውኃው ነክቶት እየጮኸ ተራገጠ። ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ቩካንም ሕፃኑን እንዳቀፈ አንገቱን እስከ ትከሻው አዙሮ ኋላ የቆሙትን እትዬን ፈለገና ሳቀ።

«አያችሁት?» አሉ እትዬ፣ እንባቸውን በመሐረባቸው እየጠረጉ። «ዞረ!»