በሁለት ዋሻ መሃል

እዚህ ውጭ አገር፣ ከኖርዝጌት ወደ ሶዶ ሰፈር በምሄድበት የከተማ ባቡር ውስጥ አንዲት እናት ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ወርወር አድርገው አጠገባቸው ያለውን ሐበሻ ወጣት ያወሩታል።

«ጣሊያን ያለችው ልጄ ናት። ሊጉሪያ ነው የምትኖረው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ትዘጋብኛለች።»

«ሊጉሪያ? እኔ እኮ እዚያ ነው የተማርኩት! ባቡር ላይ ሆና ነው የምታወራዎት?»

«አዎ፣ ከሥራ ስትመለስ። አበባ እርሻ ነው የምትሠራው።»

«ሶ እሷ አይደለችም የምትዘጋው። እዚያ ተራራው ባሕሩ ድረስ ነው የሚወርደው፤ ሜዳ የለም። ባቡሩ ከዋሻ ይወጣል፣ ባሕሩን ያሳይዎታል፣ ወዲያው ሌላ ዋሻ ይገባል።»

«ታዲያ አበባውን የት ተከሉት?»

«ገደሉ ላይ እንደ ኮንሶ እርከን ሠርተው።»

«ጉድ እኮ ነው! ስልኩስ?»

«ዋሻ ሲገባ ኔትወርክ ይጠፋል። በሁለት ዋሻ መሃል ያለው ጊዜ ለእኛ ሰላምታ አይበቃም፣ ማዘር። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይግቡ።»

«እንዴት አደርሽ ሳልላት?» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው፣ «እሁድስ? እሁድ ቤቷ ናት፤ ያኔም ይቋረጣል» አሉ።

ወጣቱ ስልካቸው ያለበትን ቦርሳ አየት አደረገ።

«እዚያ ተራራው ብዙ ነው፣ ማዘር።»

የእኛም ባቡር ዋሻ ውስጥ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ አየሁት፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው።