የመወልወያው እንጨት

(ኳ! ኳ! ኳ! ከጣሪያው በላይ። ቅዳሜ ረፋድ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ የይበልጣል ቤት፤ ላይኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ልጅ ፍቅርተ መጥታለች።)

ፍቅርተ፦ ይኸው፣ እማዬ ናት! በምርኩዟ ነው። መልስላት እንጂ!

ይበልጣል፦ እትዬ ፍቅርተ፣ ይቅርብኝ።

ፍቅርተ፦ ምን ይቅርብኝ አለው? ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ወሬዋ አንተ ነህ። «ሁለት ቀን ወድቄ ወለሉን ስመታ፣ ያ የታች ልጅ ይመልስልኝ ነበር። ሰው አለ እያልኩ ነው ነፍሴ የቆየችው» ትላለች።

ይበልጣል፦ እንደሱ አሉ?

ፍቅርተ፦ ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለ ሳይቀር! ሐዋሳ ልውሰድሽ ብላት፣ «ጎረቤት እያለኝ የት እሄዳለሁ» ብላ እምቢ አለች። እኔ ነገ ተመላሽ ነኝ። በል፣ መወልወያህን አንሳ።

ይበልጣል፦ መወልወያ መሆኑን ማን ነገረዎት?

ፍቅርተ፦ ጣሪያህ ነዋ! መወልወያህም እዚያው ጥግ ቆሟል። የእንጨቱ ጫፍ ቀለሙን ልጦታል። እንዲህ እስኪሆን መልሰህላታል። እግዜር ይስጥህ።

ይበልጣል፦ አይስጠኝ።

ፍቅርተ፦ ምን አልክ?

ይበልጣል፦ ዝም እንዲሉ ነው የመታሁት። ሙዚቃ ከፍቼ ነበር፤ ቀንስ የሚሉኝ መሰለኝ። እሳቸው ሲመቱ እኔ ስመታ... በማግስቱ ጆሮዬን ደፍኜ ዋልኩ።

ፍቅርተ፦ ሁለት ቀን ሙሉ! አንዲት ደረጃ መውጣት አቅቶህ!

ይበልጣል፦ አሥራ ስድስት መርገጫ ናት። በኋላ ቆጠርኳት። ሁለት ዓመት ከሥራቸው ስኖር ስማቸውን እንኳ አላውቅም። የደረሰላቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው።

ፍቅርተ፦ ...እኔስ ብሆን። አንዴ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቻርጅ ጨርሳ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ልጇ!

ይበልጣል፦ ይንገሯቸው። እኔ አፌን መክፈት አልቻልኩም።

ፍቅርተ፦ ምኑን ልንገራት? የቀራት ይሄ ነው። አንተም እንዳትነግራት። ዝም ብለህ ምታና ደስ ይበላት፤ እኔም ቀለል ብሎኝ ልሂድ።

ይበልጣል፦ ዛሬ ከዚህ ሆኜ ከመታሁ፣ ሌላ ቀን ቢወድቁም ይህን እንጨት አምነው ነው የሚተኙት።

ፍቅርተ፦ ስማ፣ ደገመች። ሦስት ጊዜ መትታ ዝም ትላለች፣ እያዳመጠች እኮ ነው! ...እንጨቱን ለእኔ ለምን ትሰጠኛለህ? ኧረ ጫማህን! በባዶ እግርህ ደረጃውን ልትወጣ ነው? ይበልጣል! እኔ ይህን እንጨት ምን ላድርገው?