ከጠረጴዛ ሥር የተሣለው ሰማይ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ትንሽ ትልቁ «እትዬ ቀለም» እያለ የሚጠራቸው መምህርት፣ ቤት ቀለም በመቀባት ይተዳደሩ ለነበሩት አባታቸውና አዋላጅ ነርስ ለነበሩት እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአባታቸውን ባልዲ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ የተረፈውን ቀለም በካርቶን ላይ እየደባለቁ መሣል ስለ ጀመሩ፣ እናታቸው «ይህች ልጅ በንጹሕ እጅ የምትበላበትን ቀን ያሳየኝ» ይሉ እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወራሉ።

በሥዕል መምህርነት ከተመረቁ በኋላ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን የክረምት ሥራቸው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዚያው በባዶው ክፍል የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው፣ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ታሪክ በቃል ከማስጠናት ይልቅ ሠዓሊው የደከመውን ድካም ያደክሟቸው ነበር፤ በእርጅናው መቆም ተስኖት ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ የሠራውን ሠዓሊ ለማስተዋወቅ ብሩሹን ነጥቀው መቀስ ያስጨብጧቸዋል። የሰው ሥዕል አይነካም የሚል ሕግም ነበራቸው፤ የልጁ ፈረስ አምስት እግር ቢያበቅል እንኳ እጃቸውን ሰብስበው ያያሉ እንጂ አንዲት መስመር አያቃኑም ነበር።

ጣሪያ ሲሥል አንገቱን ቀልብሶ ዓመታት የገፋውን ሠዓሊ ያስተማሩበት የመጀመሪያው ክረምት አይረሳም። ወረቀቱን ከጠረጴዛ ሥር ለጥፈው ሰማይ እንዲሥሉ ልጆቹን በጀርባቸው ቢያስተኟቸው፣ ቀለሙን አቅጥነው በጥብጠውት ኖሮ በሕፃናቱ ፊት ላይ ዘነበ፤ ርእሰ መምህሩም ከየጠረጴዛው ሥር እግር ብቻ ተዘርግቶ ሲያዩ ክው ብለው ጥበቃውን ጠሩ። ወደ ማታ አንዲት እናት ልጃቸውን እየጎተቱ መጥተው፣ ቀለም እንዲቆጥር ላክሁት እንጂ እንዲነከርበት መቼ አልኩ ብለው ቢቆጡ፣ እትዬ ቀለም ክርክር ሳይገጥሙ ምንጣፍ ዘርግተው ብሩሽ ሰጧቸው፤ እኚያ እናት ልጃቸው ራበኝ ብሎ እስኪያለቅስ ድረስ ከጠረጴዛው ሥር አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ወፈረ፣ ወላጆችም ተጨመሩ።

ጠረጴዛዎቹን ሊጠግኑ የመጡትን አናጢ አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቦርጫም አባቶች እንዲገቡ የጠረጴዛዎቹን እግር ያስረዘሙት ከሠርጋቸው በፊት ነው።

በዚህ ዓመት የጀርባ አጥንት ሕመም ጸንቶባቸው ሐኪም ከአልጋ እንዳይነሡ ባዘዘ ጊዜ፣ ልጃቸው የዘንድሮው ክረምት ይቅርብዎ ብላ ብትለምናቸው፣ ተኝቶ መሣልን ያስተማርኩ እኔ ዛሬ ተኝቼ ባርፍ ማን ያምነኛል ብለው አሳፈሯት። ባለቤታቸው ከአልጋቸው በላይ ሰሌዳ ሰቀሉ፣ ጠረጴዛዎቹንም ወደ መኝታ ክፍሉ አስገቡ፤ የክረምቱ ተማሪዎች በወለሉ ላይ ከየጠረጴዛቸው ሥር፣ እሳቸው ከሰሌዳቸው ሥር ሆነው ሰማይ ሣሉ። ዳሩ ግን አንዲት ጥግ ስትቀራቸው እጃቸው ከዳቸው። ያን ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ሕግ ራሳቸው ሽረው ብሩሹን ለልጆቹ ሰጡ። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ የሰው ሥዕል አይነካም ብለው ተማጸኑ። እሳቸውም ይህ ከእንግዲህ የሰው አይደለም፣ የእናንተ ነው አሏቸው። ተራ በተራ አጠገባቸው እየተጋደሙ ጥጓን ሞሏት፤ ከፊሉ አረንጓዴ ነው፣ ማንም አላቃናውም። እትዬ ቀለምም ያንኑ ሰማይ እያዩ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን፣ ደግሞም ከጠረጴዛ ሥር ወጥታችሁ ዛሬ በመካከላችን የቆማችሁትን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ቀና ብለው ሲሥሉት የኖሩትን ሰማይ ፈጣሪ የነፍሳቸው ማረፊያ ያድርግላቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።