አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አንጁሎ ዋዳ የሞተው ልጁ ምህረቱ የዶክትሬት ማዕረግ በስሙ እንዲሰጠው ቅጽ ይዞ፣ የልጁ የሥራ ባልደረባና የጽሑፉ ገምጋሚ ከነበረችው ከዶክተር እማዋይሽ ፊት ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

አንጁሎ፦ አንድ ፊርማ ናት እኮ የጠየቅኩሽ። አማካሪው ዶክተር ተስፋልደት ፈርሟል፣ ዲኑ ፈርሟል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ፣ ጋሽ አንጁሎ።

አንጁሎ፦ ካወቅሽ ታዲያ? ሦስት ቀን ስመላለስ ጸሐፊሽ እንኳ አዝናልኝ ሳልጠይቃት ወንበር ታቀርብልኛለች።

እማዋይሽ፦ ቅጹ ምን እንደሚል አይተውታል?

አንጁሎ፦ አይቼዋለሁ። «ሥራው የተሟላና ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ልጁ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ የሚሟላ ምን አለ?

እማዋይሽ፦ የተሟላ ነው። ትክክል አይደለም።

አንጁሎ፦ አሁን ይሄ ለሞተ ሰው የሚባል ነው?

እማዋይሽ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ቀን ሌላ አነጋገር ስፈልግለት ነው የሰነበትኩት፤ አጣሁለት።

አንጁሎ፦ ምኑ ነው ትክክል ያልሆነው?

እማዋይሽ፦ የሒሳብ ነገር ነው፣ ጋሽ አንጁሎ። ላስረዳዎት ብል…

አንጁሎ፦ አርባ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ክር የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር ከሆነ አስረጂኝ። ልጄን ያህል ነገር ቀብሬ «አይገባዎትም» ተብዬ አልመለስም።

እማዋይሽ፦ እሺ። ምህረቱ የሚያጠናው አልጀብራ ትንሽ ነው፤ በጥቂት ነገሮች የሚሠራ። ነገሮቹ እርስ በርስ ይባዛሉ። በተባዙ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እርከን በእርከን። በመጨረሻ ሁሉም ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት ግን ታችኛው እርከን ላይ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል።

አንጁሎ፦ ሁሉም የሚጠፋበት ሒሳብ። እሱን ነው አራት ዓመት ሲማር የከረመው?

እማዋይሽ፦ እሱን ነው። ደስም ይለው ነበር። ምሳ ስንበላ ሶፍት ላይ እየጻፈ ያሳየኝ ነበር።

አንጁሎ፦ ቤትም እንደዚያው ነው። እናቱ ካርቶን በጣለች ቁጥር ገልብጣ ታያለች፣ የጻፈበት እንዳይሆን ብላ። በይ ቀጥዪ።

እማዋይሽ፦ በየእርከኑ ስንት ነገር እንዳለ ይቆጠራል። ምህረቱ ያለው፣ ቆጠራው ከላይ ወደ ታች ሲነበብም ከታች ወደ ላይ ሲነበብም አንድ ነው። ሁልጊዜ።

አንጁሎ፦ እንደ ጥለት ነው በዪኛ። ከመሃሉ ወዲህና ወዲያ እኩል።

እማዋይሽ፦ እንደ ጥለት ይሁን። እሱ የሞከራቸው ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። የሞከራቸው ግን እርከናቸው ያልተደባለቀ፣ ንጹሕ ንጹሖቹን ነው። ሁላችንም የምንሞክረው እነሱን ነው፣ ስለሚቀሉ። እኔም በመጀመሪያው ንባብ አምኜው አልፌዋለሁ።

አንጁሎ፦ ኋላስ?

እማዋይሽ፦ ኋላ አንድ የማይገጥም አገኘሁ። ሁለት ፊደል ይያዙልኝ፣ «ሀ» እና «ለ»። «ሀ» በ«ለ» ሲባዛ ዜሮ ነው። ሦስት «ሀ» ተባዝተው የሚሰጡት፣ ሁለት «ለ» ተባዝተው ከሚሰጡት ጋር አንድ ነው። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለውም። እንግዲህ እንቁጠር። ላይኛው እርከን ላይ ቁጥር አንድ ብቻውን አለ። ከሥሩ «ሀ» እና «ለ»፣ ሁለት ናቸው። ከዚያ በታች ሁለት «ሀ» ተባዝተው፣ አንድ። ከዚያ ሦስት «ሀ» ተባዝተው፣ አንድ። አለቀ።

አንጁሎ፦ ቆይ። ሁለቱ «ለ»ስ የት ገቡ?

እማዋይሽ፦ እነሱ ከሦስቱ «ሀ» ጋር አንድ ስለሆኑ ታች ወርደዋል። አንድ እርከን ዘለዋል።

አንጁሎ፦ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ከታች ስመጣ… አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ።

እማዋይሽ፦ አዎ።

አንጁሎ፦ ይህን ጥለት ለሰርግ ብሰጥ ቀሚሱን ፊቴ ላይ ይወረውሩልኛል።

እማዋይሽ፦ ሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ የቆሙት እዚህ ላይ ነው። ይህ ሲወድቅ የሚተርፈው መግቢያውና ምስጋናው ነው።

አንጁሎ፦ ምስጋናው ላይ እኔ አለሁ?

እማዋይሽ፦ አሉ። እርስዎም እናቱም።

አንጁሎ፦ እሺ ስሚኝ። ተስፋልደትን ጠይቄዋለሁ። ይህን ጽሑፍ በዓለም ላይ ስንት ሰው ያነበዋል ስለው፣ ሰባት ቢሆን ነው አለኝ። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ማንንም አይጎዳም አለኝ። ዓይኔን ሳያይ ነው የፈረመው። ያው እሱም ሳይገባው አልቀረም።

እማዋይሽ፦ እነዚያ ሰባቱ አምነው በላዩ ላይ ይሠሩበታል። የሰው አራት ዓመት ነው የሚቃጠለው።

አንጁሎ፦ የኔም ልጅ አራት ዓመት ተቃጥሏል። ከጨንጫ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ መጥቶ ቤቴ ተኝቷል። ቅዳሜ ጋዋኑን እናቱ ናት የምትቀበለው። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ሰው እየለመናት ነበር የምትጎርሰው፤ ትናንት ነው በራሷ እጅ እህል የቀመሰችው። አሁን ገብቼ ምን ልበላት? «ሀ» እና «ለ» አልገጠሙም ልበላት?

እማዋይሽ፦ ጋሽ አንጁሎ፣ እኔም እኮ ወድጄ አይደለም።

አንጁሎ፦ ለሱ ነግረሽው ነበር?

እማዋይሽ፦ ምኑን?

አንጁሎ፦ ይህንኑ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ።

እማዋይሽ፦ ነግሬዋለሁ።

አንጁሎ፦ መቼ?

እማዋይሽ፦ ማክሰኞ ዕለት ደወልኩለት። ፈታኞቹ ፊት ለመቅረብ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። እዚያ ሰው ፊት ቆሞ ከሚያፍር ከኔ ይስማው ብዬ ነው። እስክጨርስ ሰማኝ። ኋላ ምሳሌውን ድገሚልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። አመሰገነኝ። ድምፁ ደህና ነበር፤ እኔም ደህና መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ።

አንጁሎ፦ ረቡዕ የኩላሊት እጥበት ነበረው።

እማዋይሽ፦ አዎ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነበር ቀኑ።

አንጁሎ፦ ረቡዕ ጠዋት ልወስደው ስነሳ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ዓርብ ኑ ብለውናል አለኝ። እኔ ጅሉም አመንኩ። ዓርብ ደግሞ ገና አልተጠገነም አለኝ። ፊቱ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላ ቦታ እንሂድ ስለው ነገ ነገ እያለ አዋለኝ። በሩን ዘግቶ ይጽፋል። እሁድ ጠዋት እናቱ ቁርስ ይዛለት ገባች። ከሰልስቱ በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት። ማሽኑ አንድም ቀን አልቆመም። ተራው ሲደርስ ስሙን ጠርተው ጠርተው ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።

እማዋይሽ፦ ማንም አልነገረኝም። ልቡ ቆመ ነው የተባልነው።

አንጁሎ፦ መቆሙንማ ቆሟል።

እማዋይሽ፦ እኔ ነኝ የገደልኩት።

አንጁሎ፦ እንደሱ አላልኩሽም። መሞት ፈልጎም አይመስለኝም። እጁን ነው የፈለገው። ቀኝ ክንዱ አልሆን ብሏቸው መርፌውን የሚያስገቡት በግራው ነበር፤ የሚጽፈው ደግሞ በግራው ነው። አራት ሰዓት ታስሮ ይተኛል፤ ከተፈታም በኋላ ያን ቀን ጣቱ እሺ አይለውም። እና ያችን እጁን ለጥቂት ቀን ፈለጋት። ይኸውልሽ፣ የጻፈውን አምጥቼልሻለሁ።

እማዋይሽ፦ ይሄን ሁሉ?

አንጁሎ፦ ሠላሳ አራት ገጽ ነው። እዪው። አቃንቶት ከሆነ ትፈርሚያለሽ፣ ሌላ ክርክር የለንም።

እማዋይሽ፦ ይሄ የኔ ምሳሌ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ አስልቶታል። እዚህ ሌላ መንገድ ሞክሯል… ሰርዞታል። እዚህም። ጽሕፈቱ እየሰፋ ነው፣ መስመሩን እየለቀቀ።

አንጁሎ፦ ዓርብ ዓይኔ ደከመ ብሎኝ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ እዪው እስቲ።

እማዋይሽ፦ እያየሁት ነው።

አንጁሎ፦ እና ምን አለ?

እማዋይሽ፦ አቃንቶታል።

አንጁሎ፦ እርግጠኛ ነሽ?

እማዋይሽ፦ እርግጠኛ ነኝ። የጎደለውን ሞልቶታል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ቅጹን ይስጡኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ለእናቱም በመጨረሻ አቃንቶታል ብለው ይንገሯት።

አንጁሎ፦ ከሠላሳ አራቱ ገጽ እኔ ማንበብ የምችለው አንድ መስመር ነው፤ በአማርኛ የጻፋትን። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አንብቤያታለሁ። «እማዋይሽ ልክ ናት። በሁሉም በኩል ሞከርኩት፣ አይቃናም።»

እማዋይሽ፦ እያወቁ ነው የመጡት?

አንጁሎ፦ ምኑ እንደማይቃና አላውቅም ነበር፤ አሁን ነገርሽኝ። ልክ መሆንሽን ግን አውቅ ነበር።

እማዋይሽ፦ ታዲያ ለምን ፈርሚ ይሉኛል?

አንጁሎ፦ እንድትዋሺልኝ ነዋ። ለእናቱ ስል ሰው አስዋሻለሁ፣ አላፍርበትም። ግን በራስሽ ስም እንድትዋሺ ነበር የፈለግኩት።

እማዋይሽ፦ ይኸው በራሴ ስም ልፈርም አይደል? ይስጡኝ፣ ጋሽ አንጁሎ። እባክዎ። ከዚህ ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር የለኝም።

አንጁሎ፦ ቅድም «አቃንቶታል» ስትዪ የዋሸሽው በሱ እጅ ነው፤ እሱ ያልጻፈውን ጽፏል ብለሽ። ልጄ ማሽኑ ተበላሽቷል እያለ እኔን ዋሽቶኛል፣ ደህና ነኝ እያለ እናቱን ዋሽቷታል። ያልዋሸው ይህች መስመር ላይ ብቻ ነው፤ እሷን ለመጻፍም ነው የሞተው። ወረቀቶቹን መልሺልኝ፣ ቅጹም ይቅር፤ ለእናቱ እውነቱን እኔው እነግራታለሁ።