ከሰርቨሩ ጀርባ ስለ ተነቀለችው መሰኪያ

የምስክር ቃል

ስም፦ በምስክሩ ጥያቄ በፖስታ ታሽጎ ተያይዟል
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የሆስፒታል ኮምፒውተር ባለሙያ
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ 2ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ የካቲት 6፣ ከቀኑ 8፡15

የምሠራው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ከአለቃዬ ጋር ነው። ከራጅ ክፍል የሚላኩልንን ምስሎች ሰብስበን፣ ሐኪሙ ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሚያየው የጭንቅላት ደም ሥር ሥዕል አድርገን እናወጣለን። ይህን የሚሠራው ሰርቨር ስክሪን ስለሌለው “ራስ የለሹ” እንለዋለን። ስክሪን ካልተሰካ ሥዕል የሚያፋጥነው ግራፊክስ ካርድ ማን ሊያየኝ ብሎ ይለግማል፤ ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይጎትተዋል። በካርዱ አራት ደቂቃ የሚፈጀው ሥዕል ያለ ካርዱ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ አለቃዬ አውራ ጣት የምታህል መሰኪያ ከጀርባው ሰክተው፣ ስክሪን ያለ አስመስለው ካርዱን ያሠሩት ነበር። መሰኪያዋን “አታላይ” እንላታለን።

ማክሰኞ የካቲት 4 ከጠዋቱ 2፡40 ላይ መብራት ጠፍቶ ወዲያው መጣ። 3፡05 ላይ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ደውላ፣ የጭንቅላት ደም ሥሯ ሊፈነዳ የደረሰ ሴት እንዳለችና ሥዕሉ ቶሎ እንደሚፈለግ ነገረችን። ጀመርነው። 3፡25 ሲሆን ገና ሲሶውም አላለቀም። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ልብሳቸውን እንደለበሱ ራሳቸው ወርደው በሩ ላይ ቆሙ።

“ስንት ደቂቃ?” አሉ።

“አንድ ሰዓት ገደማ” አሉ አለቃዬ።

“የላትም” ብለው ሄዱ። ያለ ሥዕሉ ቀዶ ሕክምናውን ጀመሩ።

አለቃዬ ከሰርቨሩ ጀርባ ተንበርክከው “አታላይ የለችም! ማን ነቀላት?” ብለው ጮኹ። 3፡45 ላይ መሰኪያዋ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከእትዬ የሽርጥ ኪስ ተገኘች። “ከቅርጫት ነው ያነሳኋት፤ ደህና ዕቃ መስላኝ ልጠይቃችሁ ነበር” ቢሉም ማን ይስማቸው። መሰኪያዋን መልሰን ሰክተን ሰርቨሩን እንደገና አስነሳነው። 3፡58 ላይ ሥዕሉ ወጣ፤ ለማን ብሎ እንደወጣ እንጃ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አልነቃችም።

ትናንት ረቡዕ በዚሁ ፖሊስ ጣቢያ በሰጠሁት ቃል መሰኪያዋን ማን እንደነቀላት አላውቅም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። የነቀልኳት እኔ ነኝ።

ሰኞ ከሰዓት 9፡30 ላይ ካርዱ ያለ መሰኪያ እንዲሠራ የሚያደርግ የፕሮግራም ማስተካከያ ጻፍሁ። ስሞክረው አራት ደቂቃ የነበረው ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ልቤ አበጠ። ለአለቃዬ እንኳ ሳልነግር፣ ነገ አስደንቃቸዋለሁ ብዬ፣ አታላይን ነቅዬ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኋት። እትዬ ወለሉን እየወለወሉ ነበር።

“ምነው ልጄ፣ ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የፈነደቅኸው?” አሉኝ።

“ከዛሬ ጀምሮ ማታለል ቀረ፣ እትዬ” አልኋቸው።

ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነስቼ ግን አልሞከርሁም። ማስተካከያው ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርጌ አላስቀመጥሁትም ነበር። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ መሰኪያዋ ብትኖር ግን ምንም ባልሆነ ነበር። ይህን ማክሰኞ 3፡25 ላይ አውቄአለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልሁ።

ትናንት ፖሊሶች መሰኪያዋን ነቅለዋል ብለው እትዬን ሊወስዷቸው ሆስፒታል ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርሁ። ፖሊሱ “መሰኪያውን የጣለ ሰው አይተዋል?” ብሎ ጠየቃቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። “አላየሁም” አሉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቀስ ብለው “እናትህን ሰላም በልልኝ” አሉኝ። ሰላምታውን ይዤ ቤት መግባት አቃተኝ። እትዬ እንዲለቀቁ እጠይቃለሁ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ከ“የነቀልኳት እኔ ነኝ” በኋላ ያለው ቃል የተመዘገበው፣ ተናጋሪው ቃሉ በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ከተነገረውና “ጻፈው” ካለ በኋላ ነው።