የለቀቀችው እጅ

ማታ መውጫ ላይ፣ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፤ ትርንጎ በምሳ እረፍት ለሥራ ባልደረቦቿ ራስን መከላከል አስተምራለች፣ እጇን ይዛ ያለማመደቻት ደግሞ ጓደኛዋ ዘቢባ ነበረች።

ትርንጎ፦ አንዴ ብቻ ያዢኝ። ልክ በምሳ ሰዓት እንደያዝሽኝ።

ዘቢባ፦ ደግሞ ጀመርሽ። ይልቅ ጋውንሽን አውልቂና እንሂድ፤ እግሬ አብጧል።

ትርንጎ፦ ከሰዓቱን ሙሉ ስፌቱ ሲጣመምብኝ ዋለ። የሆነ ነገር ይከነክነኛል።

ዘቢባ፦ ምኑ? አጨበጨቡልሽ። ያቺ አኩራፊ አለቃችን እንኳ ጥርሷ ታየ።

ትርንጎ፦ ሳቃቸው እኮ ነው ያስፈራኝ። የሰርግ ጨዋታ አስመሰልኩት። እጃችሁን ወደ ያዛችሁ ሰው አውራ ጣት አዙራችሁ መንጭቁ አልኩ፣ መነጨቅሁ፣ ወጣሁ። በቃ። ወንድሜ ውሹ የሚሉትን የቻይና ትግል ሲለማመድ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ እኔ ሽሮዬን ሳልጨርስ አስተማሪ ሆንኩ።

ዘቢባ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በያ።

ትርንጎ፦ አንቺ ቀልጂ። ወንድሜ ሲይዘኝ ቆዳዬ እስኪላጥ ነበር የምታገለው። ዛሬ ግን ገና ሳልጎትት እጄ ወጣ።

ዘቢባ፦ ጎብዘሻላ።

ትርንጎ፦ ዘቢባ፣ ያዢኝ።

ዘቢባ፦ ኧረ ተይኝ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ። ለሌላው ደስታ ሰጥተሽ አንቺ ትብሰለሰያለሽ። ድንቅነሽን አላየሻትም? ከዛሬ ጀምሮ የማንንም አጀብ አልጠብቅም፣ በባሕር ዛፉ አቋርጬ ቤቴ እገባለሁ ብላ ወጣች።

ትርንጎ፦ በባሕር ዛፉ? ያ ሰውዬ ባለፈው በጎተታት ቦታ?

ዘቢባ፦ ይምጣ፣ ትርንጎ አስተምራኛለች አለች።

ትርንጎ፦ ብቻዋን?

ዘቢባ፦ ...ብቻዋን።

ትርንጎ፦ ያዢኝ አልኩሽ። አጥብቀሽ። እንደ እሱ ሆነሽ።

ዘቢባ፦ ይኸው ያዝኩሽ።

ትርንጎ፦ ቆይ... ወደ አውራ ጣት... አልወጣም። ዘቢባ፣ አልወጣም እኮ። ልቀቂኝ።

ዘቢባ፦ ለቀቅኩሽ። በምሳ ሰዓትም እንዲሁ ራሴ ነኝ የለቀቅኩሽ። ያ ሁሉ ሰው ከቦሽ ላብ ሲያጠምቅሽ ሳይ አንጀቴን በላሽው። እንዳታፍሪ ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ ከዚያስ አብረሽ አጨበጨብሽ?

ዘቢባ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ደግሞ ድንቅነሽ እንደሆነች ገና በር ላይ ፍተሻ ተሰልፋ ይሆናል። ነገ ጠጋ ብለሽ ለብቻዋ ትነግሪያታለሽ። አሁን ያ ሁሉ ሰልፈኛ እየሰማ ውሸት ነበር ብትያት፣ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው የምትሆኚው።

ትርንጎ፦ ይሳቁ፤ በሩን ሳትወጣ ልድረስባት። ለእኔ አዝነሽ ለቀቅሽኝ፤ እሷን ማን ይለቃታል?